ያልተጻፈው ቁጥር

ይድረስ አንድ ጊዜ የኔ ለነበርሽው፣

እንደምን ሰነበትሽ? ያ ራስ ምታትሽስ ተወሽ? ባለቤትሽ ደኅና ነው? ከልቤ ነው የምጠይቀው፣ በሱ ላይ ቂም የለኝም። እኔ አለሁ፣ ይሄም መኖር ከተባለ። ሌላውን ሁሉ ሳታነቢ ብትቀጂው እንኳ ይህችን ብቻ አንብቢልኝ፦ ልጁ የሚወስደውን የቫይታሚን ዲና የካልሲየም ጠብታ ዛሬውኑ አቁሚ። ሐኪሙም ይቁም ብሏል። ስልክ ሲደውልልሽ ሰነበተ፤ የላቦራቶሪው ፎርም ላይ የሞላሽው ቁጥር ግን አይሠራም። እኔን ስታዪ ነው እንዴ የቀየርሽው? አልፈርድብሽም። ለዚህ ነው ደብዳቤውን በእህትሽ ልብስ ስፌት ቤት በኩል የላክሁት።

ላልጽፍልሽ ምዬ ነበር፣ አምስት ዓመትም ጠብቄዋለሁ። ምን ላድርግ፣ ጭንቅ መሐላ ያስበላል።

ያን ቀን ልጁን አዝለሽ እኔ የምሠራበት ደም መቅጃ ክፍል ስትገቢ አንቺም እንግዳ መሰልሽ፣ እኔም እንግዳ መሰልኩ። እንደማላውቃት ሴት “እናት” ብዬ ጠርቼሽ ክንዱን እንድትይዢልኝ ለመንኩሽ። እሱ እቴ፣ መች ሊያለቅስ! ሳቅ ብሎ የጎደሉትን ሁለት የታች ጥርሶቹን አሳየኝ፤ ከነሥራቸው ወልቀው እንደወጡም በኩራት ነገረኝ። ፎርሙ ላይ የልደት ቀኑን አየሁት፤ ገና አምስት ዓመት አልሞላውም። ወሩን ወደ ኋላ አልቆጠርኩም። መቁጠር ፈራሁ።

እጄም ተሳሳተ። አሥራ አንድ ዓመት ደም የቀዳ እጅ! ቀይ ክዳን ያለውን ብልቃጥ ማስቀደም ሲገባኝ ሐምራዊውን አስቀደምኩ። ሐምራዊው ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል አለ። ከሱ ትንሽ እንኳ ወደ ቀዩ ከተሻገረ፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ የምንለውን ኢንዛይም ያደነዝዘዋል። ይሄ ኢንዛይም ነው አጥንት እንዲጠነክር የሚያደርገው። ያኔ ማሽኑ ውሸት ያነባል።

ማሽኑ አርባ አለ። በሱ ዕድሜ ያለ ልጅ ከመቶ በላይ፣ ሁለት መቶም ሦስት መቶም ሊኖረው ይገባል። አበላሸሁት አልኩና ተውኩት። ደንቡ ልጁ ተመልሶ ይቀዳ ይላል፤ እኔ ግን አንቺን ደግሜ ማየት አልቻልኩም። ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ረስቼው ነው ብልሽ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሆናል። ከዚያው ብልቃጥ የወጣውን ካልሲየምም ልብ ብዬ ሳላየው፣ በሁለቱም ቦታ ሰረዝ አድርጌ ላክሁት። ሐኪሙም የእግሮቹን መጉበጥ አይቶ ሪኬትስ ነው፣ በቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንቱ ለስልሶ ነው አለ፣ ጠብታውንም አዘዘ። ቁጥሩን ቢያየው ኖሮ አይልም ነበር፤ በሪኬትስ ይሄ ኢንዛይም ይጨምራል እንጂ አይወርድም።

ሁለት ወር አለፈ። ባለፈው ማክሰኞ ሰረዝ ያደረግንባቸውን ውጤቶች እንገመግም ነበር፤ ማሽኑ ያተመው የልጁ ወረቀት እጄ ገባ። ካልሲየሙን አየሁና ደግሜ አነበብኩት። የሐምራዊው ኬሚካል ገብቶ ቢሆን ካልሲየሙም አብሮ መውረድ ነበረበት። የሱ ግን ከልኩ በላይ ነበር። ደሙ ንጹሕ ነበር ማለት ነው። ቁጥሩም እውነት ነበር፤ የልጁ ጥርስና አጥንት የላላው ይሄ ኢንዛይም ስለሚጎድለው ነው። አፈር ልብላ! ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ለአለቃዬም ለሐኪሙም ያደረግሁትን አንድ በአንድ ነግሬያቸዋለሁ። ሥራዬን ያስለቅቁኝ አያስለቅቁኝ ገና አልታወቀም፣ እሱም አላስጨነቀኝም። የሚያስጨንቀኝ የልጁ ኩላሊት ነው። ካልሲየሙ አጥንቱ ውስጥ መግባት ሲያቅተው ደሙ ውስጥ ይጠራቀማል፤ እኛ ደግሞ በጠብታ ስንጨምርበት ከረምን። እባክሽ የሽንቱን ነገር ተከታተዪ፣ ውሃም አጠጪው። ቶሎ ወደ ሐኪሙ ውሰጂው።

ተስፋ የለውም ብለሽ እንዳታስቢ። ኢንዛይሙ ፕሮቲን ነው፤ ሴል ሲሠራው በላዩ ላይ ጥቃቅን የስኳር ሰንሰለቶች ይሰካበታል። ስኳር ስልሽ ከረሜላ እንዳይመስልሽ! እንደ ልብስ ቁጠሪው፤ በደንብ ካልተጣጠፈና ልብሱን ካልለበሰ ሴሉ ከደጅ አያወጣውም፣ አጥንት ጋም አይደርስም። አሁን ይሄንኑ ኢንዛይም በሕያው ሴሎች ውስጥ፣ ከነስኳሩ፣ እየሠሩ በመርፌ የሚሰጡ አሉ። ለልጁ ያስፈልገው አያስፈልገው የአጥንት ሐኪም ይወስናል። በሽታውም ቀለል ያለው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ይሁንለት!

አንድ ነገር ቀረኝ፣ ለመጻፍም እጄ እምቢ እያለኝ ነው። በሽታው በዘር የሚመጣ ነው። ሐኪሙ የወላጆቹን ደም ይጠይቃል። የባለቤትሽ ደኅና ይሆናል፣ ያንቺም እንደዚያው ይመስለኛል። ያኔ ግራ ገብቷቸው ልጁን በምርመራ እንዳያንገላቱት አንድ የላቦራቶሪ ወረቀት አብሬ አጥፌልሻለሁ። ስም የለበትም። ቁጥሩ ሃያ ሁለት ነው፤ ለትልቅ ሰውም በጣም ትንሽ ነው። ሦስት ጊዜ ለካሁት። የሰውየው የወተት ጥርሶች በሦስት ዓመቱ ከነሥራቸው እንደረገፉ፣ የእግሩ አጥንትም ሁለቴ ያለ ምክንያት እንደተሰነጠቀ ከጀርባው ጽፌያለሁ። ለሐኪሙ ብቻ ስጪው። የማን ነው ብሎ ቢጠይቅሽ የፈቀድሽውን መልሺለት። እኔ አንዲት ቃል አልጠይቅሽም፣ ደጃችሁም አልደርስም። ጠብታው መቆሙን ብቻ በእህትሽ በኩል አሰሚኝ።

ፈጣሪ አጥንቱን ያጽናለት። ሮጦ ይውደቅ፣ እንደ ልጆች ሁሉ ጉልበቱ ብቻ ይላጥ። አንቺንም ከኔ ስሕተት ጦስ ይጠብቅሽ፣ ትዳርሽን ይባርክልሽ።

የልጁ ዘመድ