ካርታው የተጸየፈው ምልክት

እሁድ

ከጠዋት እስከ ዙህር ሰላት ስለ አንድ የብረት ፍሬም ስንከራከር ዋልን። ዲራ ገበያ አጠገብ የተተከለ፣ ወርቃማ ቀለም የተቀባ ባዶ ፍሬም። ሰው ውስጡ ቆሞ ፎቶ ይነሳበታል። ምልክት ይገባዋል ወይስ አይገባውም? ይገባዋል ተባለ። ሃኒ ትንሽ የካሜራ ሥዕል ሠራለት፣ ተጨበጨበ።

የምንሠራው ካርታ ለሕዝብ ነው፤ ማንም በስልኩ ከፍቶ አሮጌውን ከተማ በእግሩ እንዲዞርበት። የስልክ መስታወት ጠባብ ስለሆነ መንገድ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ምልክት አያገኝም። የትኛው ያግኝ የሚለውን የምንወስነው እኛ ነን፦ እኔ መሐንዲሷ፣ ሥዕል የሚሠራው ግብጻዊው ሃኒ (ከባሌ ጋር ሐሙስ ሐሙስ ኳስ ይጫወታል)፣ ሌሎች ወንዶችና አለቃችን ኡስታዝ ፋሪስ።

የገቡ፦ ፍሬሙ፣ የቡና ጋሪ፣ የስልክ ቻርጅ ማድረጊያ፣ ቀለሙ የሚቀያየር ፏፏቴ።

የተጣሉ፦ አግዳሚ ወንበር (ሞልቷል ተባለ፤ የት?)፣ ሰዎች ለነፍሳቸው ብለው በየደጁ የሚያቆሙት የሰቢል ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሽንት ቤት።

ሽንት ቤት ሲባል ሃኒ ሳቀ። ኡስታዝ ፋሪስ ፊቱን አጨማደደና እንግዳ ሰው ካርታውን ሲከፍት መጀመሪያ ሐማም እንዲያይ አልፈልግም፣ ካርታው ይሸታል አለ። ይህን የሚለው ቡናውን እየጠጣ ነው። ከክፍሉ ወጣ ሲል የእብነ በረድ ሽንት ቤት ይጠብቀዋል፣ ሽቶ የሚረጭበት። አስጠላኝ። ረቂቁ ላይ ያሉት የሽንት ቤት ምልክቶች እስከ ሐሙስ ይቆዩ፣ ያን ዕለት እናጠፋቸዋለን ተባለ።

ሰኞ

እጄን ደጋግሜ ታጠብኩ። ሽታው ከአፍንጫዬ አልወጣም።

አማቴን እትዬ ዘሃራን ዲራ ወስጃቸው ነበር። ከኮምቦልቻ እዚህ ዓረብ አገር ልጃቸውን ሊጠይቁ በዚያራ ቪዛ የመጡት በቅርቡ ነው። ስኳር ስላለባቸው ቶሎ ቶሎ ውሃ ይጠጣሉ፣ ቶሎ ቶሎም ይሸናሉ። ለጎረቤት የሚወስዱትን ሽቶ እያሸተቱ ሳሉ ጠጋ ብለው "ሂክማዬ፣ ያዘኝ" አሉኝ በሹክሹክታ።

የገዛ ካርታችንን ከፈትኩ። ከገበያው ጀርባ ሽንት ቤት አለ ይላል። ሄድን። የወንዶቹ በር ክፍት ነው፤ የሚወጣው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። የሴቶቹ በሰንሰለት ተቆልፏል። በስንጥቁ ሳይ ውስጡ እስከ ጣሪያው ካርቶን ነው። ዘበኛው ከስልኩ ቀና ሳይል መጋዘን ሆኗል፣ ኸላስ አለኝ። መስጊዱ ሄድን፤ የሴቶቹ ክፍል እስከ ሰላት ዝግ ነው። አማቴን ጥላ ሥር አቁሜ ካፌ ገባሁ። አስተናጋጁ ለሠራተኛ ብቻ ነው አለኝ። ለመንኩት። ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።

ስወጣ አማቴ ግድግዳ ተደግፈዋል። እግራቸው ሥር ድንጋዩ ረጥቧል። አንድ ጎረምሳ አፍንጫውን ይዞ አለፈ፣ ጓደኛው ሳቀ። ያን ጊዜ በልቤ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ታክሲው ውስጥ ሻርፔን አነጠፍኩላቸው። ሾፌሩ መስኮቱን ከፈተ። ቤት ስንደርስ ልብሳቸውን ራሳቸው አጠቡ፣ እኔን አላስነኩኝም። ከዚያ እጄን ጨብጠው፦

"ልጄ እንዳይሰማ። በአላህ ማይልኝ።"

ማልኩላቸው።

ማክሰኞ

ረቂቁ ላይ ያሉትን ሽንት ቤቶች ስዞር ዋልኩ። ማንም አልላከኝም።

አንዱ ጭራሽ የለም፤ ቦታው ላይ የቡና ጋሪ ቆሟል። አንዱ ወለሉ በቆሻሻ ውሃ ተጥለቅልቆ የሕፃን ዳይፐር ይንሳፈፍበታል። ሹመይሲ ሰፈር ሆስፒታሉ አካባቢ ያለው ክፍት ነው፣ በር ግን የለውም። አንዲት ሴት ስትጠቀም ጓደኛዋ ጨርቅ ዘርግታ ትከልላታለች። ወጥቼ አስመለስኩ። አፌን ጠርጌ፣ ሴቶቹ እስኪሄዱ ጠብቄ፣ ፎቶ አነሳሁ።

ንጹሕ፣ ክፍት፣ ለሴት የሚሆን፦ እፍኝ አይሞላም። አንዱ ጋ የምታጸዳ የሀገሬ ልጅ "እህቴ ግቢ፣ አሁን ነው ያጠብኩት" አለችኝ። ላቅፋት ምንም አልቀረኝም።

ማታ ባሌ ሰይድ እናቱ ውሃ እንዳልቀመሱ አስተዋለ። ነርስ ነው፣ አያመልጠውም። ያለብኝን ጾም ላውጣ ብዬ ነው አሉት። ለስኳር በሽተኛ ምን ጾም ነው ብሎ ተቆጣ። አማቴ እኔን አዩኝ። እኔ ሰሃን ማጠብ ቀጠልኩ።

ረቡዕ

ከሱብሂ ሰላት በኋላ ኮሪደሩ ላይ ወደቁ።

ስኳራቸው ሰማይ ነክቷል፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ሱወይዲ ሰፈር፣ ቤታችን አጠገብ ካለው ክሊኒክ አደረስናቸው፣ በደም ሥራቸው ፈሳሽ ተሰጣቸው። ሐኪሟ ውሃ ለምን እንዳቆሙ ስትጠይቅ ግድግዳውን አዩ። እኔን ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኩ።

ሰይድ ውጭ አፈጠጠብኝ። ከሰኞ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነችው፣ ምን ብለሻት ነው አለኝ። እኔ አስከፍቻቸው እንደሆነ ነው የገባው። ስለማልኩላቸው ትቼው ወደ ውስጥ ተመለስኩ።

ለብቻችን ስንሆን ለምን በራስዎ ይጨክናሉ አልኳቸው።

"ካልጠጣሁ አይመጣም" አሉ። "ውርደት ከሚገድለኝ ስኳሩ ይግደለኝ።"

ማታ ወደ ቤት መለስናቸው። ማንኪያ በማንኪያ አጠጣኋቸው፣ እንደ ልጅ።

ሐሙስ

ቢሮ ውስጥ ነገርኳቸው። እንደነበረው ግን አይደለም።

ሃኒ የሽንት ቤት ምልክቶቹን ሊያጠፋ ሲል ቆይ አልኩትና ፎቶዎቹን አሳየሁ። ኡስታዝ ፋሪስ ምሳ ልንበላ ነው ሙሀንዲሳ፣ ዝጊው አለ። ከወንዶቹ አንዱ ሴቶች ከቤታቸው ሳይወጡ በፊት ተጠቅመው መውጣት ይችላሉ አለ። ቀልድ አይደለም፣ መፍትሔ ማምጣቱ ነው። ሌላው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ማክሰኞ ካየሁት ቆሻሻ ሁሉ ይህ ባሰብኝ።

ተነሳሁ። በአረብኛ፣ ቀስ ብዬ፦

"ሰኞ ካርታችንን አምኜ ዲራ ሄድኩ። የሴቶቹ በር ተቆልፏል። መንገድ ላይ አመለጠኝ፣ ሰው እያየኝ። እኔ፣ የእናንተ መሐንዲስ።"

ኡስታዝ ፋሪስ ጠረጴዛውን እያየ፣ አይተሽ ክፍት ያገኘሽው ብቻ ይግባ፣ የተቆለፉት እንዲከፈቱ ለሚመለከተው እንናገራለን አለ። የሰቢሉም ውሃ አልኩ። ይግባ አለ። ቶሎ እንድቀመጥለት ብቻ የፈለገ ይመስለኛል።

አሸነፍኩ። ከሰዓት በኋላ ግን አጠገቤ የሚሠራው ሰውዬ ወንበሩን ራቅ አደረገ። ከመካከላቸው ሽንት የማይሸና ያለ ይመስል። እነሱ ተጸየፉኝ፣ እኔም ተጸየፍኳቸው።

አርብ

ሃኒ ትናንት ኳስ ላይ ለሰይድ ነግሮታል። ጥሩ የሽንት ፊኛ ሐኪም አውቃለሁ፣ ሚስትህን ውሰዳት ብሎት። ደግነቱ ነው መሰለኝ።

ሰይድ ከጁምዓ መልስ ሳሎን አስቀመጠኝ። መንገድ ላይ አመለጠሽ የሚባለው እውነት ነው ወይ አለኝ። ለእኔ ሳትነግሪ ለወንዶች ጉባኤ እንዴት ትናገሪያለሽ፣ ከእንግዲህ በየት በኩል ቀና ብዬ እሄዳለሁ አለ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው። እናቴ ብትሰማ በምን ዓይኗ ታይሻለች ሲል የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። አማቴ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ወጡ።

"እኔ ነኝ፣ ሰይዶ" አሉ። "መንገድ ላይ ያመለጠኝ እኔን ነው። እሷ የእኔን ነውር ነው የተሸከመችው።"

ሰይድ እናቱን አየ፣ እኔን አየ።

"ለምን አልነገርሽኝም፣ እማ? ነርስ እኮ ነኝ።"

"ነርስማ ነህ" አሉ። "ያሳፈረኝ ልጄ መሆንህ ነው እንጂ።"

ሰይድ ተነስቶ በረንዳ ወጣ።

አማቴ አጠገቤ ተቀመጡ። እሁድ ሥራ ስትገቢ አማቴ ናት በያቸው፣ ስምሽ ይጥራ አሉኝ። አልልም አልኳቸው። አሮጊት ናት ብል፣ ለአሮጊት ብለን ካርታ አናበላሽም ብለው ምልክቱን መልሰው ያጠፉታል።

"አሮጊት አልሽኝ?" አሉ። ከዚያ ሳቁ፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። እኔም አላስቻለኝም።

ሰይድ አሁንም በረንዳው ላይ ነው። ተቀይሞኝ ይሁን አፍሮ፣ ጀርባውን ብቻ ነው የማየው።