ፊደሉን አሳድጌልሻለሁ

አይደለም እታለም፣ ምሳ ላይ «ጥለሽኝ ልትሄጂ ነው ፊደል የምታሳድጊልኝ» ያልሽው ልክ አይደለም።
ደግሞም ልክ ነው።

መጽሐፍ ማንበቢያ ታብሌቱን ትራስሽ አጠገብ ትቼልሻለሁ። የስክሪኑን አናት ስትነኪው «አ» የሚል ምልክት ይመጣል፤ እሱን ተጫኚና ጣትሽን ወደ ቀኝ ጎተት አድርጊ፣ ፊደሉ ያድጋል። መስመሮቹን አራርቄ ወፍራሙን ፎንት መርጬልሻለሁ። «የሱቅ ማስታወቂያ አስመሰልሽው» ትያለሽ። በይ፤ ግን አንብቢው።
ቻርጀሩ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነው።

ሌላም አለ። ዐይንሽን በታከምሽ ሰሞን ሐኪሙ «እህትሽ አሁን ራሷ ማንበብ ትችላለች» ብሎኝ ነበር። እኔ ሥራ ፈትቼ ቤትሽ የገባሁበት ጊዜ ነው። ካልጠቀምኳት በምን ፊቴ እቀመጣለሁ ብዬ ፊደሉን አሳንሼ ሰጠሁሽ። «ጉንዳን ነው የሚታየኝ፤ አንቺው አንብቢልኝ» አልሽ። ይኸው ሁለት ዓመት፣ በየከሰዓቱ ከዚያ ወንበር ንቅንቅ የለም። ጎረቤት ደርሼ ልምጣ ስል እንኳ «ምዕራፉን ጨርሺ» ነው። በገዛ እጄ በቋጠርኩት ገመድ ታሰርኩ፤ ማንን እከሳለሁ?

ሌላ ከተማ ያገኘሁት የማተሚያ ቤት ሥራ ነገ ጠዋት ይጀመራል፤ ካልተገኘሁ ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ይህን ስነግርሽ «ማን ያነብልኛል?» አልሽ እንጂ እንኳን ደስ አለሽ አላልሽኝም።
እሱን ተዪው።

መጽሐፉ ያቆምንበት ገጽ ላይ ይከፈትልሻል። መበለቷ በመጨረሻ ቤቷን ትሽጥ አትሽጥ እኔም አላውቅም፤ አንቺ ቀድመሽ ድረሺበትና በስልክ ንገሪኝ።

ሻንጣዬን ደረጃው ሥር አውርጃለሁ፤ ጥበቃው ከጋዜጣው ቀና እንኳ አላለም። ከእንቅልፍሽ እንዳትነቂ በሩን በቀስታ እዘጋዋለሁ።