ለእማዬ፣ ስለ አራስ ቤቱ ከሰል

እማዬ፣ የኔ እናት፣

ከተለየሽኝ ሰባት ወር አለፈ። መንፈቅሽንም ዘክረናል፤ ዘመዱ ሁሉ ነፍስ ይማር ብሎ ተበተነ። እኔ ግን ደክሞኛል። ልጄ ጥርስ እያወጣች ፋታ አትሰጠኝም፤ ይህን የምጽፍልሽም ጭኔ ላይ አስተኝቻት ነው።

ቤቱ ያው ነው። ከሰል ግን አሁን ደጅ ብቻ ነው የማቀጣጥለው። ጎረቤቶቼ ጭሱን ጠልታ ነው ይላሉ፤ ጭሱ እንዳልሆነ አልነገርኳቸውም።

ከአረብ አገር የተመለስኩ ሰሞን ወንዛዬ ፍል ውኃ ይዘሽኝ መሄድሽ ትዝ ይልሻል? ጀርባዬን እያሸሽ፣ በዚያ አገር ሙቀት ተቀቅዬ መጥቼ የደብረ ታቦርን ብርድ እንዴት ልችለው እንደሆነ እየጠየቅሽ ሳቅሽብኝ። በሐምሌ ስወልድ ልታርሺኝ ከይፋግ የመጣሽው ሁለት ማዳበሪያ ከሰል አስጭነሽ ነበር። አራስ ብርድ እንዳይመታት ብለሽ የመስኮቱን ሽንቁር ሁሉ በጨርቅ ወተፍሽ፤ የጋመውን ከሰል አልጋዬ አጠገብ አስቀመጥሽልኝ።

አንድ ጠዋት ራሴን ያመኝ ጀመር። አንቺንም ራስሽን አመመሽ፣ አጥወለወለሽ፣ ጉልበትሽ ከዳሽ። ሁለታችንንም በአንድ ጊዜ መያዙ እንኳ አልገረመኝም። ምች ነው አልኩ። ዳማከሴ ጨምቄ አጠጣሁሽ፣ ግንባርሽን አሸሁሽ፣ ጋቢ ደራርቤ አስተኛሁሽ። ረፋዱ ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል ልጅቷን ፀሐይ ላሞቃት በረንዳ ወጣሁ፤ ምች የያዘው ሰው ነፋስ አይንካው ብዬም በሩን ዘጋሁት። ትንሽ እንደቆየሁ ራሴ ቀለለኝ። እማ፣ ያኔ መንቃት ነበረብኝ። ፀሐይዋ ተስማማችኝ ብዬ ተቀመጥኩ። ስመለስ ብጠራሽ አልሰማሽኝም።

አንቺን ያየሽ ሐኪም በኋላ ለብቻዬ ነገረኝ። የገደለሽ ከከሰል የሚወጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም፤ ጭሱ አልቆ ከሰሉ ፍም ከሆነ በኋላም ይወጣል። ራስ ምታቱ፣ ማዞሩ፣ ማቅለሽለሹ፣ መዛሉ ምልክቱ ነበር። ወዲያው ነፋስ ወዳለበት አውጥቼ ሐኪም ቤት ላደርስሽ ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ነፋሱን ከለከልኩሽ።

ለቅሶ የደረሰው ሁሉ ምች ነው ሲል ዝም አልኩ። ለታናሽ እህቴ እንኳ አልነገርኳትም። እሷ ትናንት ጉና ግርጌ ባሏ ቤት ተገላገለች። አክስቴ ደውላ ቤቱን ጥርቅም አድርገው ከሰል እንዳጋሙላት፣ ልክ አንቺ እንዳረስሽኝ እያረሷት እንደሆነ በደስታ ነገረችኝ። ከሰሉን አውጡ፣ በሩን ክፈቱ ብዬ ጮኽኩ። ለምን ስትለኝ ብቻ አውጡት አልኳት። ለጊዜው አውጥተውታል፤ ብርዱ ሲጠና ግን እንደሚመልሱት አውቃለሁ።

አሁን ልጄን አዝዬ ወደ እህቴ ለመሳፈር መናኸሪያ ልሄድ ነው። እናታችንን የገደላት ከሰሉ ነው፣ በሩን የዘጋሁባትም እኔ ነኝ እላታለሁ። እማዬ፣ እስካለሁ አልረሳሽም፤ ስምሽን ባነሳሁ ቁጥር ይህንንም አብሬ እናገራለሁ። እህቴ ትጠላኝ ይሆናል። ግድ የለም፣ በሕይወት ኖራ ትጥላኝ።