የራህማ ቡጢ

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4፣ ከሥራ መልስ

በሩን ቆልፌያለሁ። ወንበር አስደግፌበታለሁ። መጋረጃው ተዘግቷል። አሁን ላውራሽ፣ ማስታወሻዬ።

ከምሠራበት መዋዕለ ሕፃናት፣ ከባርነሃገው፣ ስወጣ ጨልሟል። ሜትሮው ውስጥ ከኋላዬ አንድ ሰው አሳለ። የሱ ሳል መሰለኝ። የሰፈሬ ጣቢያ አመሩድ ስንደርስ አልወረድኩም፤ ቀጣዩ ጣቢያ ወርጄ በዚያ ብርድ በእግሬ ተመለስኩ። ሌላ ሰው ነበር፣ ወላሂ። ባሌን (በወረቀት ገና ባሌ ነው) ጥዬው ከወጣሁ ዓመት ሊሞላ ነው። ቤቴን አያውቀውም። ሰውነቴ ግን ይህን አልሰማም።

ጎረቤቴ ሰአዳ (ከእንግዲህ ሰ.) የፊልሟን ጽሑፍ አመጣችልኝ። እዚሁ ፈረንጅ አገር የተወለደች የወሎዬዎች ልጅ ናት፣ ፊልም ት/ቤት ትማራለች። ራህማን ሆነሽ ተጫወቺልኝ አለችኝ። ራህማን ባሏ ይደበድባታል። ትወጣለች። ፀጉሯን ትቆርጣለች፣ ስሟን ትቀይራለች፣ ቦክስ ትማራለች። በመጨረሻ ተመልሳ በቡጢ ትዘርረዋለች። የተሰበረ ሰው እንደገና የሚሠራው እንዲህ ነው ትላለች ሰ.። ስለኔ ምንም አታውቅም። እሺ አልኳት። ለምን እንደሆነ እንጃ። መምታት ምን እንደሚመስል ልየው ብዬ ይሆናል።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6፣ ምሳ ሰዓት

የልጆቹ ጃኬት መስቀያ ክፍል ውስጥ ተደብቄ ነው የምጽፍልሽ።

አክስቴ ዘሀራ ደወለች። ባሌ ሽማግሌ ልኳል። ከተላኩት አንዱ፣ ሸህ ሙሄ፣ አጠገቧ ነበሩ፤ ስልኩን ተቀብለው ዱዓ ጀመሩ። ወሎ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ትልቅ ሰው ዱዓ ሲያደርግ አፍ ራሱ አሚን ይላል፣ ባለቤቱ ሳያዘው። ጤና ይስጥሽ፤ አሚን። እናትሽን ያቆይልሽ፤ አሚን። ወደ አንድ ጎጆ ይመልሳችሁ፤ አሚን።

አልኩት! አፌን በቆረጠው! አክስቴ ከወዲያ እልል አለች። አሚን ከተባለ በኋላ ማፈግፈግ ሽማግሌ ማዋረድ ነው አለችኝ። እሁድ ሽማግሌዎቹ ሃውገንስቱዋ ሰፈር፣ እሷ ቤት ይመጣሉ። እሱ ታች መኪና ውስጥ ይጠብቃል፤ ሲያልቅ ይዞኝ ሊሄድ።

ልጆቹ ከእንቅልፍ እየተነሱ ነው። ልሂድ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 8፣ አመሻሽ

ስቶቭነር ሰፈር፣ የሰ. ጓደኛ ኩሽና። ቀረጻ።

ባልየውን የሚጫወተው ልጅ ለስላሳ ነው፤ እጁን ከማንሳቱ በፊት ሁሌ ያስፈቅደኛል። አነሳ። ገና ሳይወርድ እኔ ወለሉ ላይ ነኝ፣ ጭንቅላቴን በክንዴ ከልዬ። ሰ. ትወና መስሏት በደስታ ጮኸች። ካሜራው ቆመ። እኔ አልተነሳሁም። ያኔ ገባት። መጥታ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ትዕይንት። የኔ ተራ። ቡጢ ጨበጥኩ። ልጁ የፈራ ለመምሰል ፊቱን አጨማደደ። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ የኔ ነው። እጄ ወረደ። ደገምን። ወረደ። ይቺ አዲስ ሴት አይደለችም፣ ባሏ ነው ቀሚስ የለበሰው አልኳት ሰ.ን።

«ኔይ! አይሆንም! ታዲያ ምን ታድርግ? ቁጭ ብላ ትፍራ?» አለችኝ በንዴት።

እኔም ቁጭ ብዬ እየፈራሁ ነው።

እሁድ፣ ኖቬምበር 9፣ ጠዋት

አልሄድም ብዬ ነበር። ብቀር፣ አሚን ብላለች ተብሎ ነገሩ ያልቃል፤ ወይ ቤቴን አፈላልገው እሱን አስከትለው ይመጣሉ። ሄጄ እምቢ ልበል? ሸህ ሙሄን ፊት ለፊት እምቢ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ፈሪ ለእናቱ ይባላል። እናቴ ኮምቦልቻ ናት፤ አልደርስባት።

ጃኬቴን ለብሻለሁ። አውልቄዋለሁ። መልሼ ለብሻለሁ።

እሁድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የአክስቴ መኝታ ቤት

ሄደዋል። ቶሎ ልጻፈው፣ ሳይጠፋኝ።

ሦስት ሽማግሌዎች። በመስኮት ወደ ታች አየሁ። መኪናው ቆሟል፣ ሞተሩ አልጠፋም። ሸህ ሙሄ ጉሮሯቸውን ጠራርገው እጃቸውን ሊዘረጉ ሲሉ ቀደምኳቸው። እኔ! እጄን ዘረጋሁ። ያ ረቢ፣ ለአባቶቼ ዕድሜ ስጥልኝ አልኩ። አሚን አሉ። ጉልበታቸው አይድከም። አሚን። እሱን በቤቱ፣ እኔን በቤቴ በሰላም አኑረን፤ እጁን ከገላዬ፣ እግሩን ከደጄ አርቅልኝ።

አሚን አሉ። ሦስቱም። አክስቴም ከጓዳ።

ሸህ ሙሄ አፋቸው ያወጣውን ያን ጊዜ ሰሙት። አተኩረው አዩኝ። የሚቆጡ መሰለኝ። ልጄዋ፣ ይመታሽ ነበር ወይ አሉኝ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። በሱ ጥፊ ቀኝ ጆሮዬ መስማት ማቆሙን ነገርኳቸው። ሁለት እጃቸውን አንስተው ፊታቸውን አበሱ፤ ሌሎቹም አበሱ። ፊት ከታበሰ ዱዓው ተዘጋ፣ የሚጨመርበት የለም።

ወርደው በመኪናው መስኮት አጎንብሰው ሲያናግሩት ከላይ አየኋቸው። ቆይቶ መኪናው ሄደ፣ ብቻውን።

ተመልሶ ይመጣ ይሆናል። ፈርቻለሁ፣ አሁንም። ዛሬ እዚሁ አድራለሁ። ነገ የፍቺ ማመልከቻዬን አስገባለሁ።

አሁን ሰ. ደወለች። የፊልሟን መጨረሻ ልትቀይረው ነው፤ ሐሳብ ካለሽ ስጪኝ አለች። የዛሬውን ዱዓ አልነገርኳትም። ይሄኛው የኔ ነው። ራህማ የራሷን ትፈልግ።