ወንድሜ ፊቱን ያዞረበት ፎቶግራፍ

ጥር 13፣ ቅዳሜ

ዛሬም ፈትሌ አልገፋም። ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ ወደኛ ጐራ ይላል። መደቡ ሞላ፣ ጠላው አለቀ፣ የቀረው ቆሞ ያያል። ወንድሜ እንየው ፎቶግራፎቹን ከቆዳ ኮሮጆው አንድ ባንድ እያወጣ ያዞራል። ጫፍ ጫፉን ያዙ፣ ጣት አታስነኩ እያለ። አባታችን ዳዊት ሲያስተምረው እንዲህ ተጠንቅቆ ይዞ ቢሆን ዛሬ መሪጌታ በሆነ። ከፊደል ሸሽቶ ዓባይን ተሻገረ፣ ሾፌር ሆነ። ፊደሉ ለእኔ ተረፈ። አንች ደብተርም በዚሁ ምክንያት ከእኔ እጅ ወደቅሽ።

ጣልያን ሲገባ ካሚዮን አስያዙት። ሁለት ዓመት ከአሰብ ደሴ በአፋር በረሃ ተመላለሰ። ሰሞኑን ከጭነት ካሚዮኖች ጋር ደ/ማርቆስ ገባ፤ እስኪመለሱ ድረስ ከእኔ ዘንድ ነው። ፎቶግራፎቹን ያነሣው አብሮት የሚሠራ ጣልያን መካኒክ ነው ይላል። ባሕሩ አለ። ነጩ የጨው ሜዳ አለ። ሽማግሎቹ እሱን አይተው አይጠግቡም፤ ዕድሜ ልካቸውን አሞሌ ሲልሱ ኖረው አገሩን ገና ዛሬ ማየታቸው ነው። አንዲት ግመል በካሚዮን ጥላ ተኝታለች። ጎረቤቴ ወ/ሮ ደብሪቱ፣ ይችስ ከኔ ይልቅ ኑሮ ገብቷታል አለች። ሳቅን። ባሌ ከሞተ ወዲህ እዚህ ቤት እንዲህ ተስቆ አያውቅም።

ባሌ አምና ከአርበኞች ጋር ሆኖ ከከተማው ውጭ ወደቀ። ጣልያን እንዳያውቅ ወባ ገደለው ብለን ነው ያለቀስን። ወንድሜ ደግሞ የጣልያን እንጀራ ይበላል። ይኸን መደቡ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ያውቃል። እየሳቁም ያውቁታል። እፈራለሁ።

ጥር 14፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ አለቃ ተገኝ መጡ። የገጠር አድባራትን ግድግዳ ሲሥሉ የኖሩ ሽማግሌ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ፎቶግራፉን ከአፍንጫቸው አስጠግተው ነው የሚያዩት። ቤቱ እንደ ትናንቱ ሙሉ ነው።

አንዱ ፎቶግራፍ ላይ ሦስት ሰዎች ከካሚዮኑ ፊት ቆመዋል። መካኒኩ፣ አንድ አፋር መንገድ መሪ፣ እንየው። ሁለቱ ፊት ለፊት ያያሉ። እንየው ፊቱን ወደ ጎን አዙሯል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። አለቃ ይኸ ባንድ ዓይኑ የቀረው ማነው ብለው ጠየቁ። እንየው ነው አልናቸው። ሳቁ። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥእ ባንድ ዓይኑ ነው የሚሣለው፤ እኛ እንዲህ አድርገን የምንሥለው ይሁዳን ነው አሉ።

ሰው ሁሉ አውካካ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ራሱ እንየው። እኔም ሳቅሁ።

ጥር 17፣ ረቡዕ

ወንዝ ወርጄ ነበር። ስደርስ ወሬው ቆመ። ሴቶቹ ልብሳቸውን አጥብቀው ማሸት ጀመሩ፣ አንዷም ቀና አላለች። እንስራዬን ሞልቼ ስወጣ ከኋላዬ እንደገና ተጀመረ።

ወ/ሮ ደብሪቱ ከቤት ድረስ መጥታ ነገረችኝ። አለቃ የቀለዱት ቀልድ ሆኖ አልቀረም። ሠዓሊ ቢሆን ጠልቶት ነው፣ ተሳስቶ ነው ይባላል፤ ማሽን ግን ማንን ይጠላል? ያየውን ያወጣል። ስለዚህ ፎቶግራፉ ራሱ መሰከረበት እያሉ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ያለም አለ። ማን እንዳለ አልነገረችኝም። ስትናገር ዓይኗ በሩ ላይ ነው።

እንየውን ለምን ፊትህን አዞርህ አልሁት። ነፋስ ነበር፣ አሸዋ ዓይኔ ገባ አለ። በቃ ይኸው ነው። አሸዋ!

በየቤቱ ዞሬ ልናገር አማረኝ። ከዚያ ሳስበው፣ እህቱ ዞራ ካስተባበለች ነገር አለበት ይላሉ። ዝም አልሁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

ጥር 20፣ ቅዳሜ

አንች ደብተር፣ ዛሬ ተቻኩዬ ነው የምጽፍልሽ። ፊደሌን ይቅር በይኝ።

አክስቴ የሻረግ ቅቤ ይዛ ከይጁቤ ገበያ መጣች። አልተቀመጠችም። ያ ወሬ ከሷ ቀድሞ አገር ቤት ደርሷል። አውድማ ላይ የሚወራው እሱ ነው፤ ይሁዳነቱ በሥዕል የወጣ ሾፌር ደ/ማርቆስ ገብቷል እየተባለ። በዚያ በኩል ያሉትን አርበኞች የሚመሩት ፊታውራሪ ሰምተዋል። ስማቸውን ከቤቴ ውስጥ እንኳ አልጠራችውም። በቅርቡ አንድ አስተርጓሚ ከገበያ መንገድ ወስደው አልመለሱትም። ልብሱን ነው ለእናቱ የላኩላት።

እንየውን፣ ፎቶግራፉን አቃጥለው አልሁት። እምቢ አለ። ካቃጠልሁት እውነት ስለሆነ አቃጠለው ይሉኛል አለ። ደግሞ በዚያ የበረሃ እሳት ውስጥ ለመኖሬ ሌላ ምስክር የለኝም አለ። ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው ያስፈራኝ።

ምሳ አልበላም። እኔም አልበላሁ።

ጥር 21፣ አስተርእዮ ማርያም

ከአለቃ ተገኝ ቤት ሄድሁ። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ቀለም ይፈጫሉ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ፎቶግራፉ ላይ ሁለተኛ ዓይን ይጨምሩለት ብዬ ለመንኋቸው። ምን ያህል እንደ ፈራሁ ከዚህ እወቂው።

መፍጫቸውን አስቀምጠው፣ የጎን ፊት ላይ ሁለት ዓይን ብሠራ አውሬ ይሆናል ልጄ አሉ።

እንግዲያው ቀልድ ነበር ብለው ለሰው ይናገሩ አልኋቸው። ስለ እሱ የተናገርሁት ቀልድ ነው፣ ሕጉ ግን ቀልድ አይደለም አሉ። አስተማሪያቸው ያስተማሯቸው፣ እሳቸውም ያስተማሩት ነው። ኃጥእ እንዲህ ይሣላል ወይ ብለው በመሐላ ቢጠይቋቸው አዎን ነው የሚሉት። የተናገርሁትን መልሼ መዋጥ ብችል እውጠው ነበር ብለው አለቀሱ። እንባቸው አናደደኝ። እኔ ሳላለቅስ እሳቸው ምን ሆነው ያለቅሳሉ?

ጥር 23፣ ማክሰኞ

ዛሬ እኔም አየሁት።

በር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይጠግናል። ብርሃኑ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ። አንድ ዓይን። እስኪዞር ድረስ ቆሜ ጠበቅሁ። ዞረና፣ ምነው እታለም አለኝ። ሁለት ዓይኑ፣ የእናቴ ዓይን። ምንም አልሁት። አፈርሁ። ግን አይቻለሁ፤ ካንች አልደብቅም።

ከዚያ አፌ አላርፍ አለ። ምን ነበር የምትጭነው? የጫኑልኝን አለ። ሲሚንቶ፣ ዱቄት፣ ወይን። ሌላስ? ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ጥይትም አለ። ከአሰብ እስከ ደሴ። ከደሴ ወዲያ ሌላ ሾፌር ይረከበዋል።

ባሌን ደረቱ ላይ ነው የመቱት። እሷ ጥይት በየት በኩል መጣች? እንዲህ ብዬ አልጠየቅሁትም። ውጭ ወጥቼ እንጨት ፈለጥሁ፣ ያለንን ሁሉ።

ጥር 25፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 8 ሰ.

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ደረሰ።

አክስቴ የፊታውራሪን ቃል ይዛ መጣች። ሳይጠይቁ አይፈርዱም አሉ። እንየው ንጹሕ ነው የሚል ሰው ካለ፣ እሑድ ከይጁቤ ወዲህ ካለችው ገጠር ቤ/ክ ይምጣ። ወንጌል ይዞ፣ እጁ ከወገኑ ደም ንጹሕ ነው ብሎ ይማል። ነፍሱን አስይዞ ዋስ ይሁን። ውሸት ሆኖ ቢገኝ ዋሱም ይሞታል። ዋስ ካገኘ እንየው ወጥቶ ከአክስቴ ቤት ይረስ፣ ማንም አይነካው። ካላገኘ ሰኞ ከካሚዮኖቹ ጋር ይውረድ፤ ዓባይ መንገድ ላይ ይጠብቁታል።

ሁሉንም ነገርሁት። ልደብቀው ነበር፣ አልቻልሁም። እኔንማ ማን ጠየቀኝ፣ ዱሮም ማረስ ነው የሚያምረኝ ብሎ ሳቀ። ከዚያ ከጓሮ ሄዶ እስኪመሽ አልተመለሰም።

ጥር 26፣ ዓርብ

ዞርሁ። መደቤ ላይ ተቀምጠው ጠላዬን ከጠጡት፣ ባሕሩን አይተው እሰይ ካሉት ቤት ሁሉ።

ወ/ሮ ደብሪቱ ልጆቿን አሳየችኝ። ልጆቿን ብቻ። አንዱ ወገቤን አሞኛል አለ፤ ትናንት በሬ ሲጠምድ አይቼዋለሁ። አንዱ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ እንየው ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን አለ። ሁሉም ጋ «ግን» አለ። አንድም አልጠላውም፣ አንድም አይምልለትም። አልፈርድባቸውም ልል ብዬ ነበር። እፈርድባቸዋለሁ።

አክስቴ ከመመለሷ በፊት ጠየቅኋት፤ የሴት ዋስ ይቀበላሉ? የሌላዋን አይቀበሉም፣ የአንችን ግን ይቀበላሉ አለች። ባሌ ከእሳቸው ጋር ሲዋጋ ነው የወደቀው። የሱ ደም የፈሰሰባት ሴት በሐሰት አትምልም ብለዋል ፊታውራሪ።

 ባዶውን እንስራ አንሥቼ ወንዝ ወረድሁ።

ጥር 27፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ዛሬ ማንም ወደኛ ጐራ አላለም። ገበያተኛው በዚያ ማዶ ያልፋል።

እንየው አጠገቤ ተቀምጦ፣ አንችስ ታምኝኛለሽ እታለም አለኝ። ድስቱ እየተቃጠለ ነው ብዬ ተነሣሁ። ድስት አልጣድሁም ነበር። አየኝ።

መልሼ መጣሁና በመጨረሻ ጠየቅሁት። ጥይቱ ወዴት እንደሚሄድ ታውቅ ነበር?  አልጠየቅሁም አለ። በዚያ በረሃ የጠየቀ ከመንገድ ዳር ይቀራል፣ ውኃ ሳይተዉለት። ስለዚህ አልጠየቅሁም።

አለመጠየቅ ምን ይባላል? አባቴ ያስተማረኝን ሁሉ አገላበጥሁ፣ የለም። አስገድደውታል እላለሁ፤ ደግሞ ባሌን አስባለሁ። ማልቀስ እፈልጋለሁ፣ አይመጣም። በሐሰት ብምል ነፍሴ ናት። በዚህ ዓለም የፊታውራሪ ጥይት፣ በዚያኛው ደግሞ የባሰው። ዝም ብል ወንድሜ ነው። ለልቅሶው እንኳ የሚመጣ የለም፤ ለይሁዳ ማን ድንኳን ይጥላል?

ለመጀመሪያ ጊዜ ባሌ በመሞቱ ደስ አለኝ፣ ይኸን ስለማይጠይቀኝ። ይኸን መጻፍ አልነበረብኝም።

ጥር 28፣ እሑድ፣ ንጋት

አክስቴ ልትወስደኝ ተመልሳ መጥታለች፤ በቅሎዋ ከደጅ ቆማለች። የከተማው መውጫ ላይ ያሉት ወታደሮች ቢጠይቁን ለተዝካር ነው ልንል ተስማምተናል። ነጠላዬን ለሐዘን አዘቅዝቄ ለብሻለሁ። ለዚያ ማስመሰል አያስፈልገኝም።

እንየው ነቅቷል። ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛ መስሏል። ሳልሄድ እንዳልቀር ነው የፈራው፣ ወይ እንዳልሄድ። ብርድ ልብሱን እላዩ ላይ ጐተትሁለት። ሕፃን ሆኖም እንዲሁ ነበር፣ እግሩ ሁልጊዜ ውጭ።

ሌሊቱን አልተኛሁም፣ አልዋሽሽም። አንድ ነገር ብቻ ጠርቶልኛል። ከወንጌሉ ፊት ስቆም ፊታውራሪ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ የወንድምሽ እጅ ንጹሕ ነው ወይ? ይኸን ጥያቄ ራሴን ስጠይቅ ሳምንቴ ነው።

አላውቅም። ንጹሕ ነው ብዬ እምላለሁ።

አክስቴ እየተጣራች ነው፣ ልሂድ።