አፈሩ ከላይ መንደር የመጣ መሬት

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ መሳፍንት፤

እንደምን ከርመሃል? የሀዋሳ ሙቀትስ እንዴት አድርጎሃል? ያ የጉልበትህ ሕመም ተሻለህ ወይስ ዛሬም ከሔዋን ደብቀህ ታነክሳለህ? እኛ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደኅና ነን። ፍቅረ ሥላሴም በሬዎቹም ደኅና ናቸው። ባሌን ከበሬዎቹ ጋር ቆጠረችው ብለህ አትሳቅብኝ፤ ውሎው ከእነርሱ ጋር ነው።

ወንድሜ፣ የምጽፍልህ ግራ ገብቶኝ ነው። ለመንገዱ ሥራ የድንጋይ ካባ ሆኖ የተወሰደብን የአባታችን መሬት ተመልሶልናል። አንተ ስትሄድ በግ ከገባበት የማይወጣ ገደል ነበር። የመንገዱ ሠራተኞች ጉድጓዱን በገረጋንቲ ሞሉት፤ በላዩ ጥቁር አፈር በመኪና እያመጡ ደለደሉት፤ ዳር ዳሩንም ዛፍ ተከሉበት። ዘንድሮ ጤፍ ዘራንበት። እንዴት ያለ ጤፍ መሰለህ! ለቅሶ ቤት እንኳ ዓይኑ የማይረጥበው ፍቅረ ሥላሴ አውድማ ላይ ዕንባው መጣ። እኔም እልል አልኩ።

እልልታዬን ሳልጨርስ እማማ ወለተ ሐዋርያት ከላይ መንደር መጡ፤ እናታችን ታማ ሳለ አንተን ያጠቡህ የጡት እናትህ። ከአውድማ ባዶ እጁን የሚመለስ የለምና በቁና ሰፈርኩላቸው። አቁማዳቸውን ግን አልከፈቱም። «ይኼን የምትሰጪኝ ለነፍስሽ ነው ወይስ ድርሻዬ ነው? ለነፍስሽ ከሆነ አልወስድም። ጤፉን ያበቀለው የኔ አፈር ነው» አሉኝ።

እኔ አፈሩ ከወል መሬት የመጣ መስሎኝ ነበር። ለካ እማማ ባላቸውን ሲያስታምሙ ማሳው ጾም አድሮ፣ ሰዎቹ ባለቤት የሌለው ጠፍ መስሏቸው ዝቀውታል። ሄጄ አየሁት። ጭንጫው ፈጥጧል፤ ፍየልም የሚነጨው የለው። አፍሬ ተመለስኩ።

ማክሰኞ ደግሞ የካባው መሬት ማገገሙን የሚመረምሩ ባለሙያዎች ይመጣሉ። ቀድሞ መጥተው አፈሩን በብረት ወግተው፣ ዛፉን ቆጥረው «ተሳክቷል» ብለዋል። ደጋግ ልጆች ናቸው፤ ውሸትም አልተናገሩም። የቀራቸው የባለመሬቱ ቃል ነው፤ ተናጋሪዋም እኔ ነኝ። ድኗል ካልኩ ነገሩ ይዘጋል፤ የእማማን ማሳ ዞሮ የሚያየው የለም። አልዳነም ካልኩ ደግሞ ያን ጤፍ እያየሁ እንዴት እዋሻለሁ? ቁስላችንስ ሽሯል፤ ቆዳው ግን ከእርሳቸው ገላ የተገፈፈ ነው። ፍቅረ ሥላሴ «አፈር ካረፈበት በኋላ የማን ነው አይባልም» ይላል። ቄሱን ብጠይቃቸው «አፈር አፈርን አይወርስም፣ ልጄ» ብለውኝ ሄዱ፤ ይብስ ግራ ገባኝ።

ምክርህ እስከ ማክሰኞ እንደማይደርስልኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ባለሙያዎቹን ከአውድማችን ሳይሆን ከእማማ ጭንጫ ላይ ቆሜ ልቀበላቸው ቆርጫለሁ። ከዚያ አፌ ምን እንደሚል አላውቅም። የመሬቱ እኩሌታ ያንተ ነውና ብትቆጣ በኔ ተቆጣ፤ በፍቅረ ሥላሴ አይደለም።

ለሔዋን የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረሳት። ወልደ ገብርኤል ትምህርቱን ይበርታ፤ ትንሿን ኪዳነ ምሕረትን ጉንጯን ሳምልኝ። ፍቅረ ሥላሴ እጅ ይነሳል። ለልደት በሰላም ያድርሳችሁ።

እማማም እንደምጽፍልህ ሰምተው ሰላም በይልኝ ብለዋል። «መሬታችሁ እንዴት እንዳማረ ንገሪው። የኔን ግን አታንሺበት፤ ልጄ ያዝናል» አሉኝ።

እህትህ ሥራነሽ
ደጀን፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1997 ዓ.ም.