ስለ አንድ ሜትር ከሃምሳዋ ክፍሌና ስለ ትልቁ ማተሚያ

ለተከበሩ የማተሚያ ማሽን መረጣ ኮሚቴ ሰብሳቢ ለአቶ በለጠ
ባሉበት፤ ስብሰባ ላይ ከሆኑም እስኪወጡ
ሰቆጣ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ስብሰባው፣ ከስብሰባው ቀጥሎ ያለው ስብሰባ፣ የኮሚቴው አባላትና ማኅተሙ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ ከጉልበቴና ከቀኝ ጆሮዬ በቀር ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ታላቅ ዜና ለሕዝብ ማሳወቅ ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት ያለ ዕረፍት ሲጥ ሲጥ ሲል የኖረው የፊተኛው ክፍሌ በር፣ ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ማጠፊያው ዘይት ተቀብቶ ዝም ብሏል። ዘይቱን የቀባችው የልጅ ልጄ መክሊት ናት፤ ከቤቴ ልትወጣ ነውና አንድ ደግ ነገር ልትሠራልኝ ብላ ነው። ሌላው ሰው ደወል አለው፣ እኔ በሩ ነበረኝ፤ ማን እንደገባ ከጩኸቱ እለይ ነበር። አሁን ሰው መግባቱን የማውቀው ቀና ብዬ ሳይ ብቻ ነው፤ ቀና ብዬ ሳይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የገባ የለም።

ካላስታወሱኝ አሥራተ ማርያም ይግዛው ነኝ፤ በዚህ ከተማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አቡጀዲ ላይ በብሩሽ የስብሰባ መፈክር ስጽፍ የኖርኩ ሰው። በዕድሜ አያትዎ ልሆን እችላለሁ፤ ቢሆንም ወንበርዎን አክብሬ «እርስዎ» እላለሁ። በአማርኛ የምጽፍልዎትም በአፍ መፍቻዬ በኽምጥኛ ስቆጣ ጨዋነቴ ቶሎ ስለሚያልቅብኝ ነው። መክሊት ኮምፒውተር እያላት በእጄ የጻፍኩበትን ምክንያት ግን፣ በትዕግሥት ካነበቡኝ፣ መጨረሻው ላይ ያገኙታል።

ጉዳዩን እርስዎ ያውቁታል፤ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ በምለጥፍበት በማስታወቂያ ሰሌዳው አጠገብ ለሚያልፈው ሕዝብ ስል ልድገመው። መክሊትና ጓደኛዋ ዮርዳኖስ ከሦስት ዓመት በፊት በፊተኛው ክፍሌ ውስጥ ትንሽ የዲዛይን ቢሮ ከፈቱ። የሰርግ ጥሪ፣ የሱቅ ታፔላ፣ የምረቃና የስብሰባ ባነር ያዘጋጃሉ። የሚጎድላቸው ትልቅ ማተሚያ ነው፤ ስለዚህ የሠሩትን በፍላሽ አድርገው ለአውቶቡስ ሾፌር ይሰጣሉ፣ ፍላሹ ወልድያ ይወርዳል፣ ባነሩም ተጠቅልሎ በሦስተኛው ቀን ይመለሳል፣ መንገዱ ከፈቀደ። ለወጣቶች ማሽን በኪራይ የሚያቀርበው የእርስዎ ኮሚቴም አንድ ማተሚያ ሊመርጥላቸው ቃል ገባ።

የቀረቡት ሦስት ነበሩ። አንደኛው የቤት ፕላን በወረቀት የሚያወጣ ጠባብ ማሽን፣ ሁለተኛው እስከ አንድ ሜትር ከስልሳ ስፋት ባነር የሚያትም መካከለኛ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሦስት ሜትር ከሃያ የሚያትም ግዙፍ። ልጆቹ መካከለኛውን ለመኑ። ኮሚቴው ግን የእኔ ክፍል መካከለኛውን አትይዝም አለ፤ ከቤቴ መውጣታቸው ካልቀረ ደግሞ ግዙፉ ይሁን ብሎ ወሰነ፤ ማሽኑ ከከተማው መውጫ ባለው ሼድ እንዲተከል፣ ንብረቱን የምትረከበው መክሊትም እዚያው እያደረች እንድትጠብቀው አዘዘ። ባለቤቴ ካለፈች ወዲህ በዚህ ቤት ያለነው መክሊትና እኔ ነን። ስለዚህ ውሳኔያችሁ ማሽን ብቻ አልመረጠም፤ ማን ብቻውን እንደሚቀርም መርጧል። ለዚህ ሁሉ ምስጋናዬ በተራ ቁጥር እንደሚከተለው ይቀርባል።

1ኛ. ስለ ስፋቱ አመሰግናለሁ። ቃለ ጉባኤው ግዙፉ የተመረጠው «የወደፊቱን ዕድገት ታሳቢ በማድረግ» ነው ይላል። የወደፊቱን ዕድገት እኔም እወደዋለሁ፤ ዛሬ ግን በዚህ ከተማ ሦስት ሜትር ከሃያ የሚሞላ ነገር የሚሰቀለው በዓመት ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ የእርስዎ አዳራሽ ግድግዳ ምስክር ነው። በእኔ ዘመን ሰፊ መፈክር ሲታዘዝ ሁለት አቡጀዲ ጎን ለጎን አሰፍቼ እጽፍበት ነበር፤ ስፌቱን ያየ ተሰብሳቢ አንድም ቀን አልገጠመኝም፤ ሁሉም ያንቀላፋል። ዛሬ ደግሞ ባነር በማጣበቂያ ይቀጠላል አሉኝ፤ ሁለት መካከለኛ ቢቀጠል የእርስዎ ግዙፍ አይሆንም?

2ኛ. ስለ መብራቱ አመሰግናለሁ። ማሽኑን የመረጣችሁበት ስብሰባ መብራት ጠፍቶ፣ ቃለ ጉባኤው በሞባይል መብራት እንደተጠናቀቀ ሰምቻለሁ። ይህ የሚደነቅ ትጋት ነው። ግዙፉ ማሽን ግን ከመካከለኛው ይልቅ ብዙ መብራት ይበላል፤ በሞባይል መብራትም አያትምም።

3ኛ. ስለ አፉ አመሰግናለሁ። ይህን መክሊት ናት ያስረዳችኝ። እነዚህ ማሽኖች ቀለም የሚተፉበት፣ ባለሙያዎቹ ሄድ የሚሉት አፍ አላቸው። በየቀኑ ትንሽ ካልሠሩ ቀለሙ አፋቸው ላይ ይደርቅና ይዘጋል፤ አንዴ ከተዘጋ ደግሞ የሚከፍተው ሰው ከሩቅ ነው የሚመጣው። ሥራ ባይኖር እንኳ ጠዋት ጠዋት አንድ መስመር ማሳተም፣ ማለትም ማናገር፣ ያስፈልጋል። ስሰማ ደነገጥኩ፤ ይህን በሽታ የማውቀው የእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ዮርዳኖስ ለቤተሰቧ ጉዳይ ኒሯቅ ሄዳ፣ መክሊትም ወልድያ ወርዳ በነበረች ሳምንት፣ አራት ቀን ከማንም ጋር ሳላወራ ቆይቼ በአምስተኛው ቀን ባለ ሱቁን ሰላም ልለው ድምፄ አልወጣ ብሎኝ ነበር። ስለዚህ መካከለኛው ማሽን በክፍሌ ቢቀመጥ ጠዋት ጠዋት ቁልፉን እኔ እጫነዋለሁ፤ እሱ አንድ መስመር ያወጣል፣ እኔ አንድ ነገር እናገራለሁ፣ ሁለታችንም አፋችን አይደርቅም። ለዚህ ሥራ ደመወዝም አበልም አልጠይቅም።

4ኛ. ይህኛው አጭር ነው። ባለፈው ዓመት ለእንግዶቻችሁ «እንኳን ደኅና መጣችሁ» የሚል ባነር ያዘዘው የእናንተው መስሪያ ቤት ነበር። ባነሩ ከወልድያ የደረሰው እንግዶቹ በሄዱ ማግሥት ነው። ቢሆንም ሰቀላችሁት፤ ሳምንት ሙሉ ስንገባ ስንወጣ እኛን እንኳን ደኅና መጣችሁ ሲለን ከረመ። ከመስሪያ ቤት እንዲህ ያለ አቀባበል አግኝቼ ስለማላውቅ ሁለት ጊዜ ተመልሼ አለፍኩበት።

5ኛ. አሁን የሚያቃጥለኝ ላይ ደረስኩ። በቃለ ጉባኤው ሁለተኛ ገጽ ላይ ጸሐፊዋ ወይዘሮ ደመቀች በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው «የክፍሉ ስፋት አንድ ሜትር ከሃምሳ ሆኖ ስለተገኘ መካከለኛውን ማሽን ሊይዝ አይችልም» ብለው አስፍረዋል። ማሽኑ የሚያትመው አንድ ሜትር ከስልሳ ቢሆንም አካሉ ከነጎንና ጎኑ ሁለት ሜትር ከስልሳ ነው፤ ይህን ልዩነት ማወቃችሁን ከልቤ አደንቃለሁ፣ ብዙ ሰው ይሳሳትበታልና። ነገር ግን ዛሬ ጠዋት ክፍሏን በመክሊት ሜትር ሁለት ጊዜ ለክቼ ሁለቱንም ጊዜ ሦስት ሜትር ከአርባ አግኝቻለሁ። ክቡር ሰብሳቢ፣ ለልኬት በመጣችሁ ዕለት በዚያች ክፍል ውስጥ ኮሚቴው አምስት ሆኖ ጎን ለጎን ቆሞ ነበር፤ እርስዎም መካከል ላይ ነበሩ፣ ኮትዎም ተቆልፎ አልነበረም። አንድ ማሽን የማትይዝ ክፍል አምስት ባለሥልጣን ከነቦርሳቸው እንዴት እንደያዘች ቢያብራሩልኝ ሌሎች ጠባብ ቤቶችም ይማሩበት ነበር።

መክሊት ወልድያ ስለነበረች ልኬቱን አላየችም። ተመልሳ ቃለ ጉባኤውን ስታነብብ ሮጣ ቢሮዎ መጣች፤ «የተፈረመ ልኬት የሚለወጠው ቁጥሩን የሰጠው አካል በጽሑፍ ሲያርመው ብቻ ነው» ተባለች። ያ አካል ማን እንደሆነ ግን የሚነግራት ጠፋ። ተመልሳም ዕቃዋን የምታሽግበት ካርቶን ፍለጋ ወጣች። ስለዚህ እኔ በበኩሌ ያ አካል ማንም ይሁን ማን ተጣርቶ እንዲጠየቅ፣ ዕድሜውም ሽበቱም እንዳይከልለው በታላቅ አክብሮት አመለክታለሁ።

ከምስጋናው ዝርዝር ውጪ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። መክሊት ስትሠራ ከፊተኛው ክፍል ሆና «አባባ፣ ይህ ቀይ አልበዛም?» ብላ ትጮኻለች። እኔ ከጓዳ ሆኜ «በዝቷል!» እላለሁ። ባይበዛም በዝቷል እላለሁ። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩን ታቅፋ መጥታ አጠገቤ ትቀመጣለች፤ «የት ጋ ነው የበዛው?» ትላለች፤ መነጽሬን እፈልጋለሁ፣ መነጽሬ ግንባሬ ላይ ነው፣ ትስቃለች፤ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ቀዩም መጨረሻ ላይ በነበረበት ይቀራል። እሷ ይህን ዘዴ ካወቀች ቆይታለች፤ ግን እስከ ዛሬ መጠየቋን አልተወችም። ሼዱ ውስጥ ሆና ብትጮኽ፣ ከቀኝ ጆሮዬ ድክመት ጋር፣ የምሰማት አይመስለኝም።

የኮሚቴዎ ዕድሜ እንዲረዝም፣ ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ የሚለኩት ሁሉ እንዲሰፋልዎ፣ የሚፈርሙትንም አንዳንድ ጊዜ እንዲያነብቡት የምመኝ፣ ወንበርዎን አክባሪ፣ በሩ ዝም ያለበት፣
አሥራተ ማርያም ይግዛው
የቀድሞ የአቡጀዲ ጸሐፊ

ማስታወሻ፦ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ካለው ሁሉ ከራስ የተፈጠረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ሜትር ከሃምሳው ነው። ፈጣሪውም እኔ ነኝ። ያን ዕለት ወንበር ብሰጥም ማንም ሳይቀመጥ፣ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ፣ ሁላችሁም ወደ በሩ ዞራችሁ ነበር። ለኪያችሁ አቶ ምሳው ሜትሩን ወገቡ ላይ እንዳንጠለጠለ «አባባ፣ ይህች ክፍል ስንት ትሆናለች?» አለኝ። እኔም አቡጀዲ እንደምለካ አድርጌ በቀልድ «ሦስት ክንድ ናት» አልኩት። «ኧረ አባባ» ብሎ ይስቃል፣ ሜትሩን ይዘረጋል፣ አንዱን ጫፍ እይዝለታለሁ፣ እስኪጨርስ ትቆያላችሁ ብዬ ነበር። ወይዘሮ ደመቀች ግን ክንዱን ግማሽ ሜትር አድርገው አስበው ጻፉት፤ እርስዎም «አባባ ካሉ አለቀ» ብለው ቆመው ፈረሙ። ሽማግሌ ስላከበራችሁ እግዜር ይስጣችሁ፤ ሜትር ግን የተሠራው ለወገብ ጌጥ አይደለም። እንግዲህ ቁጥሩን የሰጠው አካል እኔ ስለሆንኩ፣ ሦስት ሜትር ከአርባ ተብሎ እንዲታረም በዚህ ጽሑፍ አርሜያለሁ፤ መካከለኛው ማሽንና መክሊት በቤቴ ይሁኑልኝ። መክሊትም ይህን ከሕዝቡ ጋር ሰሌዳው ላይ ታነብበዋለች፤ በእጄ የጻፍኩትም ቀድማ እንዳታየው ነው፤ ፊት ለፊት ልነግራት ሦስት ቀን ሞክሬ ከአፌ የሚወጣው ቀልድ ብቻ ሆነብኝ። እናንተ ግን ለማረጋገጥም ሆነ ለመቅጣት ቤቴን ታውቁታላችሁ። በሩ አሁን አይጮኽምና ስትገቡ ድምፅ አሰሙ፤ ሜትሩንም ይዛችሁ ኑ፣ አንዱን ጫፍ እኔ እይዛለሁ።